የተማሪዎችን ዓመፅ በዘፈን ለምትተርኩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ተማሪዎች የዘር ጭቆናን የተጋፈጡበትን ታሪክ በሙዚቃዊ ፊልም ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ ስለ ደቡብ አፍሪካ ተማሪዎች የሚተርከውን «ሳራፊና!» የተባለ ፊልም ሁለት ጊዜ እዩት። አንዴ ለታሪኩ፣ አንዴ ደግሞ ዘፈኖቹ የት እንደሚገቡና የት እንደሚቆሙ ለመከታተል ብቻ።

ከዜማው በፊት ግን ታሪኩን አጥኑ። የደቡብ አፍሪካው የአፓርታይድ (የዘር መለያየት) መንግሥት በ1974 እ.ኤ.አ. ጥቁር ተማሪዎች ሒሳብንና ማኅበራዊ ትምህርትን በነጮቹ ገዢዎች ቋንቋ በአፍሪካንስ እንዲማሩ አዘዘ፤ ቋንቋውን ብዙዎቹ መምህራን እንኳ በቅጡ አይችሉትም ነበር። ሰኔ 9 ቀን 1968 ዓ.ም. (ጁን 16 ቀን 1976 እ.ኤ.አ.) በጆሃንስበርግ አቅራቢያ ባለው የጥቁሮች መኖሪያ በሶዌቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ወደ ኦርላንዶ ስታዲየም ሲተሙ ፖሊስ ተኮሰባቸው። ከሞቱት አንዱ የ12 ዓመቱ ሄክተር ፒተርሰን ነው። ሰኔ 9ን የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ብለን የምናከብረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጀማሪ ጸሐፊ «ነፃነት» የሚለውን ቃል ይዞ ይሮጣል። ተመልካቹን የሚይዘው ግን የሒሳቡን ጥያቄ ማንበብ አቅቶት እርሳሱን ያስቀመጠ ልጅ ነው። ከዚያ ጀምሩ።

የ«ሳራፊና!»ን ዘፈኖች የደረሱት የምቦንጌኒ ንጌማና የሂዩ ማሴኬላ ሥራዎች አውጪና ተቀባይ አላቸው፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ስለዚህ ሕዝቡ ራሱ ገጸ ባሕርይ ይሆናል። በእያንዳንዱ ዘፈን ፊት ይህን ጠይቁ፦ ዘፈኑ ሲያልቅ ምን ተለወጠ? ምንም ካልተለወጠ፣ ዜማው የቱንም ያህል ቢያምር ከፊልሙ አስወግዱት። ተማሪዎቹንም መላእክት አታድርጓቸው። «ሳራፊና!» ውስጥ ልጆቹ ጥቁሩን ፖሊስ በእሳት ያቃጥላሉ፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ተማሪዋ ሳራፊናም ከጸጸቱ ጋር ትታገላለች። ፊልሙን ከመፈክር ያዳነው ይህ ድፍረት ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ቀረጻው። ዘፈኑን አስቀድማችሁ ስቱዲዮ ቅዱ፤ በቀረጻው ቦታ እሱን እያጫወታችሁ ምስሉን ቅረጹ። ከመጀመሪያው ቃል በፊት 8 የቆጠራ ምት ይኑረው፤ ያለዚያ ሁሉም ዘግይቶ ይገባል። ተዋንያኑ ከንፈር ብቻ እንዳያንቀሳቅሱ፣ ድምፅ አውጥተው ይዝፈኑ፤ የማይዘፍን ሰው አንገቱና ትንፋሹ ያሳብቁበታል። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከቀረጻችሁ፣ በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን በእያንዳንዱ ምት 12 ፍሬም ይይዛል፤ ይህ ለአርታኢው ትልቅ እፎይታ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በሰልፉ ትዕይንት ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከስፒከሩ 34 ሜትር ርቆ የሚጨፍር ልጅ ዘፈኑን የሚሰማው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ዘግይቶ ነው፤ ያም ከሁለት ፍሬም በላይ ስለሆነ ኋለኛው ረድፍ ሲዝረከረክ በግልጽ ይታያል። አንድ ግዙፍ ስፒከር ከፊት ከማቆም፣ ካሜራው ለሚያያቸው ሰዎች ቅርብ የሆነ ትንሽ ስፒከር በካሜራው እይታ እንዳይገባ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የአፍ ቅርብ ምስሎችንም እዚያው አጠገቡ ጨርሱ።

ዳንሱን ከእግር እስከ ራስ በሚያሳይ ሰፊ ምስል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጡ አንድ ጊዜ ቅረጹ። ከዚያ በኋላ ሙዚቃውን አጥፉና የእግር ኮቴውን፣ ጭብጨባውን፣ የሰዉን ትንፋሽ ለብቻ ቅዱ። ይህን የዘለለ ፊልም መንገድ ላይ ተቀርጾም ስቱዲዮ ስቱዲዮ ይሸታል።

ተኩሱ ሲመጣ ከበስተኋላ የሐዘን ሙዚቃ አታስገቡ። ዘፈኑን በስንኙ መሐል ቁረጡት፤ ከዚያ የሚሰማው ያ ለብቻ የቀዳችሁት የሚሮጥ እግር ብቻ ይሁን።