አንድ ማይክ፣ ሦስት ጣት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በሠርግና በምሽት ቤት ክራር እመታለሁ። ሰሞኑን ስልኬ ላይ የድሮ ጥቁርና ነጭ ቪዲዮ አገኘሁ። ባርኔጣ ያደረጉ ፈረንጆች አንድ ማይክ ከበው ይጫወታሉ። ከበሮ የለም፣ ኦርጋን የለም። ባንጆ የያዘውማ ጣቱ አይታይም! «ፍላትና ስክራግስ» ይላል ከሥሩ። እነማን ናቸው? እንዲህ የሚፈጥነውስ እንዴት ነው? በክራር ይሞከራል?
ክራር መቺው፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽር የኔ ልጅ፣ ጥሩ ነገር ላይ ነው የወደቅከው። እነሱን ለማወቅ ግን ከአለቃቸው መጀመር ግድ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አለቃቸው ቢል ሞንሮ ይባላል። በ1911 አሜሪካ፣ ኬንታኪ በተባለው ግዛት፣ ሮዚን በምትባል መንደር ተወለደ፤ የስምንት ልጆች መጨረሻ። ወንድሞቹ ቫዮሊኑንና ጊታሩን ቀድመው ስለያዙበት ለሱ ማንዶሊን (ትንሿ ባለ ስምንት ክር መሣሪያ) ደረሰው። ቫዮሊን ከሚመታው አጎቱና አርኖልድ ሹልትዝ ከሚባል ጥቁር ሙዚቀኛ ጋር በየጭፈራው እየዞረ እጁን አፍታታ። በ1939 «ብሉ ግራስ ቦይስ» የተባለ ባንዱን ይዞ ናሽቪል ላይ ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ገባ። ስሙን ያወጣው ከኬንታኪ ቅጽል ስም፣ «ብሉግራስ ስቴት» ከሚለው ነው። ኋላ ሙዚቃው ራሱ ብሉግራስ ተባለ። ባንዱ ለሙዚቃው ስም ሲሰጥ አይገርምም?

በ1945 ሌስተር ፍላት በጊታርና በድምፅ ተቀላቀለው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የ21 ዓመቱ ኧርል ስክራግስ ባንጆውን ይዞ መጣ። የሰሜን ካሮላይና ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊት ክር ፋብሪካ ይሠራ ነበር። የኮምቦልቻ ሰው ስለሆንክ ነው ይህን ያነሳሁልህ።

አሁን ወደ ጣቱ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሀል ጣት፤ ሌሎቹ ሥራ የላቸውም። ሦስቱም ላይ የሚጠለቅ መምቻ አለ። ባንጆው አምስት ክር ሲኖረው አምስተኛዋ አጭር ናት፤ ከአንገቱ መሀል ትነሳለች፣ ድምፅዋም ቀጭን ነው። ዜማው ወዲያ ወዲህ ሲል እሷ ያችኑ አንድ ድምፅ ትደጋግማለች። ጣቶቹ በተራ ይመታሉ፤ አንዱ ጣት በተከታታይ ሁለቴ አይመታም ማለት ይቻላል። በአንድ ዙር የሚመጡትን ስምንት ፈጣን ምቶች ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት አድርጎ ይከፍላቸዋል። ስለዚህ ዜማው አንዴ አውራ ጣት ላይ፣ አንዴ ሌባ ጣት ላይ ይወድቃል። ጆሮህን የሸወደው ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፣ ይሄ አከፋፈል ነው።

ከበሮውን የሚተካው ማንዶሊኑ ነው። እግርህ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ሲቆጥር ባሱ አንድና ሦስት ላይ ሲረግጥ ማንዶሊኑ ሁለትና አራት ላይ «ቻክ» ይላል። ግራ እጁን ቶሎ ላላ አድርጎ ድምፁን ያፍነዋል። አንተ ክራር ስትገርፍ የማትፈልገውን ክር በግራ ጣትህ እንደምታፍነው ማለት ነው።

ስለ ማይኩ ደግሞ፦ በኪነት ጊዜ እኛም ደሴ ላይ አንድ ማይክ ነበረችን። ዘፋኙ ተጣብቆባት ማሲንቆዬን የሚሰማው ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ብቻ ነበር። እነዚህ ግን ተራው የደረሰው ጠጋ ይላል፣ የጨረሰው በጎን ይወጣል፣ ሳይጋጩ! ቪዲዮውን ድምፁን ዘግተህ እየው፤ ውዝዋዜ ነው።

በ1948 ሁለቱም ከሞንሮ ወጡና «ፎጊ ማውንቴን ቦይስ» የተባለ የራሳቸውን ባንድ አቋቋሙ። ሞንሮ ተቀየመ፤ ከፍላት ጋር ለዓመታት ተኮራረፉ። ድምፄን ይዘውብኝ ሄዱ ቢል ማን ይፈርድበታል? እነሱ ግን ቀናቸው። ከ1953 ጀምሮ አንድ የዱቄት ኩባንያ ስፖንሰር ሆኗቸው በማለዳ ሬዲዮ ይጫወቱ ነበር። በ1962 ኒውዮርክ ያለው ዝነኛው ካርኔጊ አዳራሽ ደረሱ። በ1949 የቀረጹት «ፎጊ ማውንቴን ብሬክዳውን» የተባለው የባንጆ ዜማ በ1967 «ቦኒ ኤንድ ክላይድ» ፊልም ውስጥ ገብቶ ዓለም ሰማው። እኔን ከጠየቅከኝ ከዚያ ወዲህ የሠሩት ሁሉ አንድ ላይ ቢደመር ያን የ1949ኙን አያህልም።

በ1969 ተለያዩ። ስክራግስ ከልጆቹ ጋር አዲስ ነገር መሞከር ፈለገ፣ ፍላት የድሮው አይነካብኝ አለ። ፍላትና ሞንሮ በ1971 ታረቁ። ፍላት በ1979፣ ሞንሮ በ1996፣ ስክራግስ በ2012 አረፉ።

በክራር ይሞከራል? በግርፍ ተወው፣ በድርደራ ግን ይሆናል። ከስድስቱ ክሮች ቀጭኗን ለአውራ ጣት ስጣትና ዜማው ሲሄድ እሷን ብቻ ደጋግም። በሙሉ ትዝታ ቅኝት ጀምር፤ ብሉግራስ የበቀለባቸው የአፓላቺያ ተራሮች (ምሥራቅ አሜሪካ) ብዙ የድሮ ዜማዎችም በዚያው አምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። አምባሰልንና ባቲን ለጊዜው አትንካቸው፣ ይጣሉሃል። ሲለምድልህ ወደነሱ ትመለሳለህ። ባንጆም ቢሆን እንግዳ አይምሰልህ፤ ዘሩ ከምዕራብ አፍሪካ ነው፣ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ናቸው አሜሪካ ያደረሱት።

ጥያቄ፦ ብሉግራስ ውስጥ ሴት የለችም እንዴ?
አንባቢ፣ ከወልድያ

መልስ፦ አለች እንጂ እህቴ! ሞንሮ ራሱ በ1940ዎቹ ሳሊ አን ፎሬስተር የምትባል አኮርዲዮን ተጫዋች ነበረችው። የፍላትና ስክራግስን ሥራ ታስተዳድር የነበረችው የስክራግስ ባለቤት ሉዊዝ ናት፤ ውሉም ድርድሩም በእጇ ነበር። ከዛሬዎቹ አሊሰን ክራውስን ስሚ። ቫዮሊን ትመታለች፣ ትዘፍናለች፣ ግራሚ የተባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት 27 ጊዜ ወስዳለች።