ካልሲየም ከፍ ሲል ጥፋቱ የወተት አይደለም

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች፤ ከዓመታት በፊትም የኩላሊት ጠጠር ነበረባት። በቅርቡ ለሌላ ጉዳይ ደም ስትሰጥ ካልሲየሟ ከፍ ብሎ 11.4 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኖ ተገኘ። ጎረቤቱ ሁሉ «ወተትና እርጎ ይቅርባት» ስላለ ትታለች። ቀጥሎ ምን እናድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ወተቷን ይመልሱላት። በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም በዋናነት የሚቆጣጠሩት አንገት ላይ ከታይሮይድ ጀርባ የተለጠፉ፣ እያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ የሚያክሉ አራት ፓራታይሮይድ እጢዎች ናቸው። ካልሲየም ሲያንስ ፒቲኤች የተባለ ሆርሞን ይለቃሉ። ሆርሞኑ ከአጥንት ካልሲየም ያወጣል፤ ኩላሊትም በሽንት እንዳያስወጣው ያደርጋል። ካልሲየም ሲበዛ ደግሞ እጢዎቹ ሥራቸውን ይቀንሳሉ። ካልሲየም በጣም ከፍ ካለባቸው ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ወይ ከእነዚህ እጢዎች አንዱ ከልክ በላይ እየሠራ ነው፣ ወይ ካንሰር አለባቸው። እጢው ከሆነ ወተት መተው ይበልጥ ያነሳሳዋል፤ ዕዳውን የምትከፍለው አጥንቷ ናት።

ቀጥሎ ምርመራው ይደገም። ክንድ ላይ የሚታሰረው ላስቲክ ረጅም ጊዜ ከቆየ፣ ወይም ታማሚዋ ጡጫዋን ደጋግማ ከጨበጠች፣ ካልሲየም በሐሰት ከፍ ሊል ይችላል። በዚያው ቀን፣ በዚያው መርፌ፣ አልቡሚን (የደም ፕሮቲን)፣ ክሬቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ)፣ ፎስፌት፣ ቫይታሚን ዲ እና ከሁሉም በላይ ፒቲኤች ይታዘዝላት። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠውን ባዮቲን የምትወስድ ከሆነ ከምርመራው 2 ወይም 3 ቀን በፊት ታቁም፤ በአንዳንድ መሣሪያዎች የፒቲኤችን ውጤት ያዛባል። ሆርሞኑ ሙቀት ላይ ስለሚፈርስ ደሟን ምርመራው በሚሠራበት ላቦራቶሪ ብትሰጥ ይመረጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውጤቱ ሲመጣ ነው። ወረቀቱ ላይ ከካልሲየሙ ጎን ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አለ። ከፒቲኤቹ ጎን ግን ምንም የለም፦ ለምሳሌ 48፣ መደበኛው ከ15 እስከ 65። «ሆርሞኑ ደህና ነው» ተብሎ ወረቀቱ ይታጠፋል። ደህና አይደለም! ካልሲየም 11.4 በሆነበት ደም ውስጥ ጤነኛ እጢ ተኝቶ ሊገኝ፣ ቁጥሩም ከ20 በታች ሊወርድ ይገባ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ካልተነበቡ በሽታው ለዓመታት ይታለፋል፤ የእናትዎ የኩላሊት ጠጠርም የዚሁ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ፒቲኤች እውነትም ዝቅ ካለ ግን ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል፦ ካንሰር፣ ቫይታሚን ዲ መብዛት፣ ሳርኮይዶሲስ (ብዙ ጊዜ ሳንባን የሚያጠቃ የብግነት በሽታ)፣ አንዳንዴም ቲቢ።

የግፊት ክኒኗ ኩላሊት ካልሲየም እንዲያስቀር ስለሚያደርግ ድርሻ ይኖረዋል። በራሷ ግን አታቁመው። ሐኪሟ እንደ አምሎዲፒን ባለ ሌላ መድኃኒት ይቀይርላትና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይለካ። ክኒኑ ተቀይሮም የማይወርድላቸው ጥቂት አይደሉም፤ ክኒኑ የተደበቀውን የእጢ ችግር ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም ማለት ነው።

እጢው መሆኑ ከታወቀ የ24 ሰዓት ሽንት ይጠራቀማል። የመጀመሪያው ቀን የጠዋት ሽንት ይደፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ በማግስቱ የጠዋቱን ጨምሮ፣ ጀሪካኑ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ እንኳ ውጭ ከተሸና ውጤቱ አያስተማምንም። በሽንቱ ውስጥ ካልሲየም በጣም ትንሽ ከሆነ በዘር የሚተላለፍ ቀለል ያለ ችግር ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ቀዶ ጥገና አያሻውም። ታያዛይድ፣ ማለትም የግፊት ክኒኗ ዓይነት መድኃኒት፣ የሽንትን ካልሲየም ስለሚቀንስ ክኒኑ ከተቀየረ በኋላ ይሠራ። የአንገት አልትራሳውንድ የትኛው እጢ እንዳደገ ለቀዶ ሐኪሙ ያሳያል እንጂ በሽታው መኖር አለመኖሩን አይወስንም። አልትራሳውንዱ ምንም ስላላሳየ ብቻ «የለብሽም» ከተባለች አይቀበሉ።

ፈውሱ ቀዶ ጥገና ነው። ጠጠር የያዘው፣ አጥንቱ የሳሳ፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ ዕድሜው ከ50 በታች የሆነ፣ ወይም ካልሲየሙ ከመደበኛው ጣሪያ ከ1 ሚሊግራም በላይ ያለፈ ሰው ሊሠራለት ይገባል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ቀናት ከንፈር ዙሪያና ጣት ጫፍ ላይ ከወረራት ካልሲየሙ ከልክ በላይ ወርዷል ማለት ነውና በዚያው ቀን ትለካ።

ጥያቄ (ከልደታ)፦ 34 ዓመቴ ነው። ቫይታሚን ዲ አንሶሻል ተብዬ ባለ 50,000 ዩኒት እንክብል ታዘዘልኝ። በሳምንት አንድ መሆኑን ሳላውቅ ለሁለት ወር በየቀኑ ወሰድኩት። አሁን ውሃ ይጠማኛል፣ ሌሊት ለሽንት እነሳለሁ፣ ሆዴም ደርቋል።

መልስ፦ 60 እንክብል 3 ሚሊዮን ዩኒት ነው። ዛሬውኑ ያቁሙ። ካልሲየም ያለበትን ክኒንና የጨጓራ ማስታገሻም ይተዉ። ነገ ሳይባል ካልሲየም፣ ክሬቲኒንና ቫይታሚን ዲ ይለኩ፤ ቫይታሚን ዲ ከ150 ናኖግራም በሚሊሊትር ካለፈ መርዛማ ሊሆን የሚችል መጠን ነው። እዚህ ላይ ለፒያሳዋ እናት ከሰጠነው ምክር ተቃራኒው ይሠራል፦ አንጀትዎ ካልሲየምን ያለልክ ስለሚመጥ ወተትና አይብ ለጊዜው ይቀንሱ።

ቫይታሚኑ በሰውነት ስብ ውስጥ ስለሚከማች እንክብሉ ከቆመ በኋላም ካልሲየሙ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ወርዷል ተብሎ ክትትሉ አይቋረጥ። ሐኪም ፕሬድኒሶሎን ሊያዝልዎት ይችላል። ማስመለስ፣ የአእምሮ መፍዘዝ ወይም የልብ ምት መዛባት ከመጣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ አባቴ የካንሰር ታማሚ ነው። ሰሞኑን ይቀባጥራል፣ እንቅልፍም ያበዛል። ካልሲየሙ 12.6፣ አልቡሚኑ 2.5 ነው። ጉሉኮስ ተሰቅሎለት ሌላም መርፌ ታዟል። ለምን?

መልስ፦ አልቡሚን ሲቀንስ ጠቅላላ ካልሲየም ከእውነተኛው አንሶ ይነበባል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከ4 ላይ አልቡሚኑን ይቀንሱ፣ በ0.8 ያባዙ፣ ካልሲየሙ ላይ ይደምሩ። የአባትዎ 13.8 ይሆናል። ከ14 በላይ ከባድ አደጋ ነው፤ ጫፉ ላይ ናቸው። መቀባጠሩም ከዚህ ሊሆን ስለሚችል «ካንሰሩ አእምሮው ላይ ወጣ» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ካልሲየሙ ሲወርድ ብዙዎች ይነቃሉ።

በልማድ ጉሉኮስ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ጨው ያለው ውሃ፣ ኖርማል ሳላይን ነው፤ ለእሳቸውም የሚያስፈልገው እሱ ነው። ከፍ ያለ ካልሲየም ሽንት ስለሚያበዛ ሰውነት ይደርቃል፣ የደረቀ ኩላሊት ደግሞ ካልሲየም ማስወጣት ያቅተዋል። ልብና ኩላሊት ከፈቀዱ በሰዓት ከ200 እስከ 300 ሚሊሊትር ተጀምሮ እንደ ሽንቱ መጠን ይስተካከላል። እግር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው ለነርሷ ይንገሩ። ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) ሰውነት ሳይርስ ቀድሞ ከተሰጠ ድርቀቱን ያባብሳል።

መርፌው ዞሌድሮኒክ አሲድ ሳይሆን አይቀርም፦ 4 ሚሊግራም፣ ቢያንስ በ15 ደቂቃ የሚንጠባጠብ። አጥንት ካልሲየም እንዳይለቅ ያግዳል፤ ሥራው የሚታየው ግን ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በማግስቱ ቁጥሩ ስላልወረደ «መድኃኒቱ አልሠራም» አይበሉ። ከመሰጠቱ በፊት ክሬቲኒን መታየቱን ይጠይቁ፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል ወይም ሌላ መድኃኒት ይመረጥለታል።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ፓራታይሮይድ አለብህ ተብዬ ቀዶ ጥገና እየጠበቅሁ ነው። ጤፍ ካልሲየም አለው ይባላል፤ እንጀራ ልተው? ሁዳዴንስ መጾም እችላለሁ?

መልስ፦ ጤፍ ካልሲየም አለው፤ እንጀራዎን ግን ይብሉ። አሳሳቢው ከጾሙ ምግብ ይልቅ እስከ 9 ሰዓት ያለ ውሃ መዋሉ ነው። የእርስዎ ደም በድርቀት ቶሎ ይባባሳል፤ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ከተጨመረበት ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ሆስፒታል ሊያስገባዎት ይችላል። ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ሕመምተኛ ይፈቀድለታል። ከሥጋና ከወተት መከልከሉን ይዘው ውሃውን ከጠዋት ጀምረው ይጠጡ፣ በቀን 2 ሊትር ተኩል ያህል፤ የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ካለብዎ መጠኑን ሐኪምዎ ይወስን።