የሜዲያን ንግግር ከመጀመሪያው እያለቀስኩ ልጀምረው? (መልስ)

እህቴ፣ የጥንቱ የግሪክ ተውኔት ባለታሪክ ሜዲያ ልጆቿን ከመግደሏ በፊት የምትናገረውን ከመጀመሪያው እያለቀስሽ ብትጫወቺው ይሻል እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ አታልቅሺ እላለሁ። ጸሐፌ ተውኔቱ ዩሪፒዲስ የጻፋት ሐሳቧን ደጋግማ የምትቀይር እናት ናት፤ ልጆቹ ፈገግ ብለው ሲያዩዋት ልቧ ይከዳታል፣ መግደሉን ትተወዋለች፣ ወዲያው ደግሞ ጠላቶቼ ሊስቁብኝ ነው ብላ ትመለሳለች። እያንዳንዷን መመለሻ ያኔውኑ የተወሰነች አድርጊያት። ለቅሶው ከቀደመ ይህ ሁሉ ይዋጣል።

ተውኔቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 አቴና ላይ ሲታይ ሜዲያን የተጫወተው ጭምብል ያጠለቀ ወንድ ነበር፤ እንባ አይታይም፣ ድምፅና አካል ብቻ።

ለገጣፎ የምንለማመድባት ቤት ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። አንድ ቀን ዝናቡ ድምፃችንን ሲውጠው አንዷ ልጅ በእጇ ብቻ ተጫወተችው። የልጆቹን ቀኝ እጅ ስማ መልቀቅ ሲያቅታት ሁላችንም ፀጥ አልን። ከዚያ ጀምሪ።