ጤነኛውን አካል ከጨረር የሚከላከል መድኃኒት አለ ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽ ምላሳቸው ላይ የነበረውን ካንሰር በቀዶ ሕክምና አስወጥተዋል፤ በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ ጨረር ይጀምራሉ። አንቺ ያለሽው አሜሪካ ነው። «ጤነኛውን አካል ከጨረር የሚከላከል መድኃኒት አለ ይላሉ፤ ገዝቼ ልላክላቸው? እስከዚያ ቫይታሚን ይውሰዱ?» ነው ያልሽው።

መድኃኒቱ አለ። ባለቤቴ ወስዶታል። ግን የሚላክ ዓይነት አይደለም። ቫይታሚኑን ደግሞ እባክሽ ሐኪማቸው ሳያውቅ እንዳትልኪ። ምክንያቱን ላስረዳሽ።

ባለቤቴ የታከመው በፈረንጆቹ 2004 እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። እንደ እናትሽ ከምላስ ቀዶ ሕክምና በኋላ 30 ጊዜ ጨረር ታዘዘለት። በሳምንት አምስት ቀን፣ ስድስት ሳምንት። የጨረሩ ሐኪም ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ጣቱን ጆሮው ሥር አስቀምጦ «ምራቅ የሚያመነጨው ትልቁ እጢ እዚህ ነው፤ ጨረሩ ያገኘዋል» አለን። ያኔ ምራቅ ምን ያህል ነገር እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

የመድኃኒቱ ስም አሚፎስቲን ነው። በገበያ ስሙ ኢትዮል ይባላል። የመጣው ከወታደር ቤት ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር የዋልተር ሪድ ምርምር ተቋም ወታደሮችን ከኒውክሌር ጨረር የሚያድን ነገር ይፈልግ ነበር። ከ4,000 በላይ ውህዶች ሞከሩ፤ ይኼኛው ከሁሉ ተሻለ። ለጦር ሜዳ ግን አልሆነም። በአፍ ሲዋጥ አይሠራም፤ በዚያ ላይ ያስመልሳል። ወደ ካንሰር ሕክምና የዞረው ከዚያ በኋላ ነው። በ1995 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምነግርሽ) ሲስፕላቲን የሚባለው ኬሞ ኩላሊት እንዳይጎዳ ተፈቀደ። በ1999 ደግሞ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጭንቅላትና አንገታቸው ላይ ጨረር ለሚወስዱ ሰዎች የአፍ መድረቅን እንዲቀንስ ተፈቀደ።

አሠራሩን አንዲት ነርስ ቁጭ ብላ ስታስረዳኝ ነው የገባኝ። ጨረር ሴል ውስጥ ያለውን ውሃ ይሰባብራል። ከዚያ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ነገሮች ይፈጠራሉ። እነሱ ናቸው የሴሉን ዘረመል የሚበጣጥሱት። አሚፎስቲን ሰውነት ውስጥ ሲገባ ገና አልነቃም። የሚያነቃው አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም ጤነኛው አካል ላይ በብዛት አለ። ካንሰሩ ላይ ያነሰ ነው፤ የደም ሥሮቹም የተዝረከረኩ ናቸው፤ አካባቢውም አሲድ ይበዛበታል። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚነቃውና የሚገባው በብዛት ወደ ጤነኛው ነው። ከገባ በኋላ ፍሪ ራዲካሎቹን ዘረመሉን ሳያገኙ ይለቅማቸዋል። የምራቅ እጢ ደግሞ በደንብ ይስበዋል።

ችግሩ ደም ውስጥ አይቆይም። በደቂቃዎች ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ጨረሩ ሊሰጥ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ሲቀረው በደም ሥር መሰጠት አለበት። በየቀኑ። አንድ ቀን ወስደሽ ሳምንት የምትከርሚበት አይደለም። «አይላክም» ያልኩሽ ለዚህ ነው።

የእኛን ጠዋት ልንገርሽ። ባለቤቴ አልጋ ላይ በጀርባው ይተኛል። ነርሷ ግፊቱን ትለካለች። መጀመሪያ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ይወስዳል። ከዚያ አሚፎስቲኑ በሦስት ደቂቃ ይገባል፤ ግፊቱ ደግሞ ይለካል። አንድ ቀን ላይኛው ቁጥር 80 ገባና እግሩን ከፍ አድርገው ጉሉኮስ ለቀቁለት። ከዚያ ደግፈነው ወደ ጨረሩ ክፍል ይሄዳል፤ መረብ የመሰለውን ጭንብል ፊቱ ላይ አጥልቀው ከጠረጴዛው ጋር ይቆልፉታል። ጨረሩ ራሱ ደቂቃዎች ነው። ብዙውን ጊዜ ቤት ስንደርስ ያስመልሰው ነበር።

በ19ኛው ቀን ደረቱ ላይ ሽፍታ ወጣ፤ ትኩሳትም መጣ። ሐኪሙ ገና እንዳየው መድኃኒቱን አቆመ። ይህ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ከባድ የቆዳ መቆጣት ያመጣል፤ ሽፍታ እያዩ አይቀጠልም። ጨረሩን ያለ እሱ ጨረሰ።

ጠቀመው ወይ ብትይኝ፣ ባይወስድ ምን ይሆን እንደነበር በአንድ ሰው ማወቅ አይቻልም። ፈቃዱ የተሰጠበት፣ 300 ገደማ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ግን ውጤት ነበረው። ከዓመት በኋላም የሚያስቸግር የአፍ መድረቅ ያልለቀቃቸው ሰዎች መድኃኒቱን ካልወሰዱት 57 በመቶ፣ ከወሰዱት 34 በመቶ ነበሩ።

አሁን ግን የተሻለ ነገር መጥቷል፤ አንቺም ጉልበትሽን እዚህ ላይ ብታውይው ደስ ይለኛል። ጨረሩን ከብዙ አቅጣጫ ከፋፍሎ፣ የምራቅ እጢውን እየሸሸ የሚሰጥ ዘዴ አለ፤ አይኤምአርቲ ይሉታል። በ2011 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት 94 ሰዎችን አነጻጸረ። በቀድሞው ዘዴ ከታከሙት 74 በመቶው ከዓመት በኋላ አፋቸው ይደርቅ ነበር። እጢው በተሸሸላቸው ላይ 38 በመቶ ሆነ። ያውም ያለ መርፌ፣ ያለ ማስመለስ። ዛሬ አሚፎስቲን ብዙ ቦታ የማይታዘዘው በዚህም ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመት በኮባልት ማሽን ብቻ ነበር የሚያክመው፤ አሁን አይኤምአርቲ ለመስጠት የሚያስችለው ሊኒየር አክስለሬተር የሚባል ማሽንም ገብቷል። ስለዚህ ሐኪማቸውን «በየትኛው ማሽን ነው? ከጆሮ ሥር ያለውን እጢ ቢያንስ በአንድ ወገን ማትረፍ ይቻላል?» ብለሽ ጠይቂ። በአማካይ ከ26 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በታች ከደረሰው እጢው የማገገም ዕድል አለው። ካንሰሩ የነበረበት ቦታ የማይፈቅድ ከሆነም በግልጽ ይነግሩሻል።

ወደ ቫይታሚኑ ልምጣ። ሰው «አንቲኦክሲደንት ነው፣ ምን ይጎዳል?» ይላል፤ እሱም ፍሪ ራዲካል የሚለቅም ነው ማለት ነው። እኔም እንደዚያ ብዬ ቫይታሚን ኢ ገዝቼ ነበር፤ ነርሷ ቦርሳዬ ውስጥ አይታ ነው ያስቆመችኝ። አየሽ፣ አሚፎስቲን ጤነኛውን ከካንሰሩ የሚለይበት መንገድ አለው። የቫይታሚን ክኒን ግን እንዲህ የሚለይበት መንገድ የለውም። ካናዳ ኩቤክ ውስጥ 540 የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር ሕመምተኞች ላይ ቫይታሚን ኢና ቤታ ካሮቲን ተሞክሯል። ውጤቱ በ2005 ወጣ። የጨረሩ ከባድ ጉዳት ቀነሰ። ግን ካንሰሩ የመመለስ ዝንባሌም በዝቶ ታየ። ከጥቁር አዝሙድ የሚጨመቅ ዘይትም ሆነ ሌላ ባህል መድኃኒት እናትሽ ሊጠቀሙ ከፈለጉ ለሐኪሙ ይንገሩ። ብርቱካን አትብሉ ማለቴ አይደለም፤ ክኒኑን ነው የምልሽ። ብርቱካኑንማ አፋቸው ሲቆስል ራሳቸው ይተዉታል።

ምግብ ላይ እኛን ያተረፈን አጥሚት ነው፤ ቀጠን ተደርጎ፣ ለብ ብሎ። አልጫ ሽሮም ይሄድ ነበር። በርበሬ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በአጠገቡ አላለፈም። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ቆሎ አይበላም። ቡና ሲፈላ ሳህኑ ሲዞር እሱ ጋ ሲደርስ ለሚቀጥለው ያሳልፈዋል። እንጀራውንም በወጥ አርሶ፣ በየጉርሻው ውሃ እየተጎነጨ ነው። ለተወሰነ ጊዜ ፓይሎካርፒን የሚባል ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ወስዷል፤ የተረፈውን እጢ ምራቅ እንዲያመነጭ የሚቀሰቅስ ነው። ረድቶታል፤ ላብ ግን ያበዛል። እናትሽ አስም ወይም ግላኮማ ካለባቸው ሳያሳውቁ እንዳይጀምሩት።

ለእኛ ማንም አጥብቆ ያልነገረን ጥርሱን ነው። ምራቅ ሲጠፋ ጥርስ በፍጥነት ይበሰብሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የጥርስ ሐኪም ጨረር መውሰዱን ሳይጠይቅ የታችኛውን መንጋጋ ጥርስ ነቀለው፤ እኛም አልተናገርንም። ጨረር ያገኘው አጥንት ደሙ ቀንሷል፣ ቶሎ አይድንም። ቁስሉ ሳይገጥም ሰባት ወር ቆየ። እናትሽ ያላቸው ጊዜ አንድ ወር ነው። የሚነቀል ጥርስ ካለ ጨረሩ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት ተነቅሎ ድዱ መዳን አለበት። ስለዚህ ዛሬውኑ ደውዪና በዚህ ሳምንት ጥርስ ሐኪም ጋ የሚወስዳቸው ሰው ፈልጊ። ከዚህ የምትልኪው ነገር ካስፈለገሽ፣ የጥርስ ሐኪሙ የሚያዘውን ጠንከር ያለ የፍሎራይድ ጥርስ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ላኪላቸው።