አብሮ የሄደው ወረቀት

በቅርቡ አንዲት የሕግ ተማሪ «መርማሪ መጥቶ የደንበኛሽን ፋይል አምጪ ቢለኝ ምን ልበለው?» ብላ ጠየቀችኝ። «በምንም ምክንያት አትስጪ» አልኳትና አንቀጽ እየጠቀስኩ ብዙ አወራሁላት። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ እኔ ራሴ ያላደረግሁትን ነበር የመከርኳት።

ጊዜው 2001 ዓ.ም. ነው። የጥብቅና ቢሮዬ ፒያሳ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍት ስላልነበረው ደንበኞቼ ደረጃውን ወጥተው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ወንበር ላይ ዐረፍ ይሉ ነበር። ከእነርሱ አንዷ ባለቤታቸው የመንግሥት መጋዘን ኃላፊ የነበሩ እናት ናቸው። ቀደም ሲል የአንድ ቤት ሽያጭ ውል አዘጋጅቼላቸው ነበር። በኋላ ባለቤታቸው በምዝበራ ተጠርጥረው ሲያዙ ተመልሰው መጡ። ቤቱ ለምን በእህታቸው ስም እንደተገዛ፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ እያለቀሱ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ማወቅ የፈለጉት «እኔስ እጠየቃለሁ ወይ?» የሚለውን ነበር። የነገሩኝን በአንድ ገጽ ጽፌ ውሉ ባለበት ክላሰር ውስጥ ከተትኩት። ሁሉን በአንድ ቦታ ማኖር ያን ጊዜ ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር።

በሳምንቱ ሁለት መርማሪዎች የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘው መጡ። ጨዋ ሰዎች ነበሩ፤ አልጮኹም፣ አላስፈራሩም። ትእዛዙ የሚጠይቀው ውሉንና የክፍያ ደረሰኞቹን ብቻ ነበር። እኔ ግን ማኅተሙን እንጂ ጽሑፉን አላየሁም። ክላሰሩን እንዳለ አንስቼ አስረከብኩ። ጸሐፊዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሩ ላይ ቆማ «ሁሉንም ነው የጠየቁት?» አለችኝ። በእጄ ዝም በይ አልኳት። ሕግ ያልተማረችው እሷ ያሰበችውን እኔ አላሰብኩም።

የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በአንቀጽ 33፣ የብርበራ ትእዛዝ የሚያዘውን ነገር ለይቶ እንዲጠቅስና ፖሊስም ከተጠቀሰው ውጭ እንዳይዝ ይላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የጠበቃን ምስጢር ይጠብቃል። ሁለቱንም በቃሌ አውቃቸው ነበር። የፈራሁት ለራሴ ነው፤ ለዓመታት ግን «ሕግ አክብሬ ነው» እያልኩ ኖርኩ።

እኚያ እናት ወረቀቱን መጀመሪያ ያዩት በምርመራ ክፍል ነው። እኔ አልነገርኳቸውም። በኋላ እሳቸውም ተከሰሱ፤ ፍርድ ቤት በረንዳ ላይ አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ጽሕፈቱ ያንተ ነው አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ችሎት ገቡ።

ዛሬ ነገሩ ይበልጥ ጠንክሯል። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከላከለው ሕግ ጠበቃ ለደንበኛው ቤት ሲያገበያይ ወይም ገንዘቡን ሲያስተዳድር የሚያጠራጥር ነገር ካየ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ማስመለስ አዋጅ ደግሞ ምንጩ ያልታወቀ ሀብትን ይከታተላል። ይህን አልቃወምም፤ የሕዝብ ገንዘብ ሲመለስ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ውል ስታስፈጽሙ የያዛችሁት ወረቀትና ሰው ምክር ፈልጎ የነገራችሁ ቃል በአንድ ክላሰር ውስጥ አብረው አይቀመጡ። ወጣት ጠበቆች የደንበኛን ጉዳይ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ሲላላኩ ሳይ እናደዳለሁ። የእኔ ክላሰር ቢያንስ አንድ ቦታ ነበር፤ የእናንተ ወረቀት የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል?

ለዚያች ልጅ «በምንም ምክንያት አትስጪ» ያልኩት ግን ስሕተት ነው። ምስጢርም ቢሆን ዳኛ የሚያዝበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ትእዛዙን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። የተጠቀሰውን ብቻ ስጪ። ምክር የተጻፈበትን ገጽ ከጠየቁሽ በፖስታ አሽገሽ ተቃውሞሽን ለፍርድ ቤቱ አቅርቢና ዳኛው ይወስን። ትእዛዙ ካልከለከለሽ ደግሞ በዚያው ምሽት ለደንበኛሽ ደውዪ።