ጽሑፉን በፎቶ ብቻ አትለጥፉት፦ ጥያቄና መልስ

ኢንተርኔት ላይ የምንጽፈው ለዓይነ ስውራን አንባቢዎች እንዲመች ምን እናድርግ ብላችሁ ከላካችኋቸው ጥያቄዎች ለጥቂቱ እነሆ መልስ።

መሥሪያ ቤታችን የቅጥር ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ የሚያወጣው ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ ነው። ችግር አለው?

በጣም አለው። ዓይነ ስውር ሰው ስልኩን የሚጠቀመው በስክሪን ሪደር ነው። አንድሮይድ ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር ይባላል። ጣቱ ያረፈበትን ጽሑፍ በድምፅ ያነብለታል። እናንተ ማስታወቂያ ላይ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ «ፎቶ» ብሎ ያልፋል። የሥራ መደቡ፣ የምዝገባው ቀን፣ ቦታው ሁሉ ቀረ ማለት ነው። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍም ያው ፎቶ ነው። ማኅተሙ የግድ ከሆነ ፎቶው ይውጣ፤ ሙሉ ጽሑፉ ግን ከሥሩ ይለጠፍ። ደብዳቤው መጀመሪያም የተተየበው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ኮፒ ማድረግ ነው። ይህን ባለማድረጋችን ሰው ከውድድር ውጭ ሲሆን ያናድዳል።

ገጻችን ላይ ያለው አማርኛ ለእኛ በደንብ ይታያል። አንድ ተጠቃሚ ግን ስክሪን ሪደሩ ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደል እንደሚያነብለት ነገረን።

የድሮ የግዕዝ ፎንት ተጠቅማችሁ ይሆናል። እነዚያ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ የአማርኛ ቅርጽ ነው የሚያሳዩት። ዓይን «ሰላም» ያያል፤ ስክሪን ሪደር የሚያነበው ግን ከሥር ያለውን ላቲን ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ዛሬ ለዚህ ምክንያት የለንም፤ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት። ገጹን የሚሠራላችሁም ሰው ቋንቋው አማርኛ መሆኑን ኮዱ ውስጥ ይጻፍ። ከዚያ ራሳችሁ ሞክሩት። ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር ለዊንዶውስ በነፃ ይወርዳል፤ አብሮት የሚመጣው የኢስፒክ ድምፅም አማርኛ ያነባል። ስክሪኑን አጥፉና የራሳችሁን ስልክ ቁጥር ገጹ ላይ ፈልጉ።

ፌስቡክ ላይ ለፎቶ ማብራሪያ ስጽፍ ምን ልበል?

ፎቶውን ለምን እንደለጠፍሽው አስቢ። «ምስል 1» ምንም አይነግርም። «ጎርፍ የቆረጠው ድልድይ፤ መንገደኞች በሁለቱም ዳር ቆመዋል» በቂ ነው።

«እ ን ኳ ን አ ደ ረ ሳ ች ሁ» ብዬ ፊደሎቹን አራርቄ ብጽፍስ?

ይቅርብህ። አንድ በአንድ እየለቀመ ነው የሚያነበው። ቃላትን በነጥብ መቆራረጥም እንደዚያው።

«እዚህ ይጫኑ» የሚለው ሊንክ ምን ችግር አለው?

ብዙዎች ስክሪን ሪደሩ ሊንኮቹን ብቻ እንዲዘረዝርላቸው ያደርጋሉ። አምስቱም «እዚህ ይጫኑ» ካሉ የትኛው ወዴት እንደሚወስድ አይታወቅም። «የምዝገባ ቅጹን አውርዱ» ብላችሁ ጻፉት።