በዛብህ ማን ነው? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ ደራሲ ልጅነት ናቸው። ምን እንደነካችሁ እንጃ።

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ ከጓደኛው ጋር በአንድ ኪሎ ሥጋ ተወራርዷል። «የፍቅር እስከ መቃብሩ በዛብህ ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ናቸው፤ አይደል?» ይላል። ቶሎ ፍረድልኝ ብሏል።

መልስ፦ ሥጋውን ግዛ፤ ተበልተሃል።

ለምን እንደተሸወድክ ግን ይገባኛል። ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ከቄስ ቤት ተወለዱ። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ተምረዋል። በዛብህም የጎጃም ልጅ፣ የቅኔ ተማሪ፣ ዲማ ላይ በፍቅር የወደቀ ነው። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ስለ ደበሎው ቁንጫ፣ ስለ አኩፋዳው ደረቅ ቁራሽ፣ በየበሩ ስለሚጠብቀው ውሻ ለመጻፍ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

ግን መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ሐዲስ ሃምሳ ስድስት ሞልቷቸዋል! እስከዚያ ድረስ አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ተምረዋል፣ ጣሊያንን ተዋግተዋል፣ ጣሊያን አገር ታስረዋል፣ አምባሳደር ሆነዋል። በዛብህ ግን የወላጆቹ ስለት እንደ እግር ብረት ሲጎትተው ኖሮ መንገድ ላይ ይቀራል። (ያላነበባችሁ አትቆጡኝ፤ ርዕሱ ራሱ ነግሯችኋል።) ዲማን ያየው ልጅ ነው። ስለ ዲማ የሚናገረው ግን ዓለም ዞሮ የመጣ ጎልማሳ ነው። ሌላው የመጽሐፉ ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሣ ሲናገር የምትሰማው የልጅ ድምፅ አይደለም። የግድ ልወራረድ ካልክ በጉዱ ካሣ ተወራረድ፤ እሱም በግማሽ ኪሎ።

ጥያቄ፦ ወላጆቼ ምንም ሳያጎድሉ ነው ያሳደጉኝ። ደራሲ መሆን አልችልም ማለት ነው?

መልስ፦ ይችላሉ። ወላጆችዎን አመስግነው ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ። በሦስት ዓመቷ ከአገር ወጥታለች። ትዝ የሚላት የአያቷ ቤት የዕጣን ጭስ ብቻ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ብትጽፍ ውሸት እንዳይሆንባት ፈርታለች።

መልስ፦ ደራሲው ዲናው መንግስቱ ከአገር የወጣው በሁለት ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የመጀመሪያ ልብወለዱ ዋሽንግተን ውስጥ ሱቅ ስለከፈተ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ነው። አንቺም ጭሱን ጻፊ። መርካቶን ከዩቲዩብ ቀድተሽ አታምጪልን እንጂ።

ጥያቄ፦ አጎቴ «መጽሐፍሽ ውስጥ ካስገባሽኝ እከስሻለሁ» አለኝ።

መልስ፦ ጠበቃ አማክሪ። ስሙን ብትቀይሪውም ሰፈሩ በሳቁ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ የመጨረሻዋ ጸሐፊ በልጅነቷ የደረሰባትን ማታ ማታ ትጽፋለች። ከጻፈች በኋላ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ የለም፣ ምግብም አይወርድላትም። ጓደኞቿ «ጻፊው፣ ይወጣልሻል» ይሏታል።

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ብዕሩን አስቀምጪው። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1824፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ አባቱ በዕዳ ታስሮ እሱ የጫማ ቀለም ዕቃ ላይ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። ያንን ለልብወለድ ገጸ ባሕርዩ ለዴቪድ ኮፐርፊልድ የሰጠው ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ ነው። የጫማ ቀለሙንም በወይን ጠርሙስ ለወጠው። ማንም አላጣደፈውም፤ አንቺንም ማንም አያጣድፍሽ።

ሐኪም የምልሽ ደግሞ ለወጉ ያህል አይደለም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ሂጂ፤ በዚሁ ሳምንት። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ «ጻፊው» ካሉሽ ጓደኞችሽ አንዷን ይዘሽ ሂጂ። ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ቆልፊበት፤ የትም አይሄድም። ቀጠሮ እንደያዝሽ አንድ መስመር ላኪልኝ።